ስለ ውኃ ግርጌ ደለል ምርመራ፤ ከባሕር ወደብ እስከ ባሌ ደጋ

ወደብ የአገር በር ነው። በዚህ በር የሚገባውና የሚወጣው ሸቀጥ ሁሉ ይቈጠራል፤ ይመዘናል፤ በመዝገብም ይጻፋል። ነገር ግን ማንም ሳይቈጥረውና ሳይመዝነው፤ ቀረጥም ሳይከፈልበት፤ ከመርከቦቹ በታች ዘወትር የሚገባ አንድ ጭነት አለ። ይኸውም ወንዝ ከላይ አገር እየጠረገ አምጥቶ በወደቡ ግርጌ የሚያስተኛው ደለል ነው። ደለሉ በበዛ ቍጥር የውኃው ጥልቀት ያንሳል፤ መርከብም ከመሬት ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ የወደብ ሹማምንት በየጊዜው ጭቃውን በመኪና እያስዛቁ ያወጡታል። የወጣው ጭቃ ወዴት ይጣል የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ግን አንድ ከባድ ነገር ተገለጠ፤ ጭቃው ጭቃ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ።

ውኃ ዐላፊ ነው፤ ዛሬ የፈሰሰበትን እድፍ ነገ ይዞት ይሄዳል። ጭቃ ግን ይቀመጣል። በተለይም እንደ ዱቄት የላመው የሸክላ ዐፈር ቅንጣቱ እጅግ ትንሽ፤ ብዛቱ ግን ስፍር ቍጥር የሌለው ስለ ሆነ፤ የቅንጣቶቹ ገላ ሁሉ ቢደመር እጅግ ሰፊ ይሆናል። በዚህም ገላ ላይ እርሳስ፤ ባዜቃ፤ ካድሚየምና ክሮሚየም የሚባሉት ማዕድናት፤ እንዲሁም የመኪና ዘይትና የተባይ መርዝ ይጣበቃሉ። ስለዚህ ላዩ ጥርት ብሎ የሚታይ ውኃ በግርጌው የብዙ ዘመን መርዝ ሊኖረው ይችላል። በሰሙ ብቻ የረካ የቅኔ ተማሪ ወርቁን እንደማያገኝ ሁሉ፤ የውኃንም ነገር በላዩ ጥራት ብቻ የሚፈርድ ሰው እውነቱ ያመልጠዋል። ጭቃው ሳይነካ ቢቀር መርዙ ተኝቶ ይቈያል፤ ጎርፍ ሲያናውጠው፤ መልሕቅ ሲጐትተው፤ ወይም መዛቂያ መኪና ሲያነሣው ግን ይነቃል። በጭቃው የሚኖረው ትል ይበላዋል፤ ትሉን ዓሣ፤ ዓሣውንም ሰው ይበላዋል።

ለዚህ ነገር ታላቁ ማስረጃ በጃፓን አገር በሚናማታ የባሕር ወሽመጥ የደረሰው መከራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በዚያች ከተማ የነበረው ቺሶ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 ድረስ ባዜቃ ያለበትን እጣቢ ወደ ባሕር ያፈስ ነበር፤ እጣቢውም በመጀመሪያ የወረደው ሂያኬን ወደ ተባለው የከተማው ወደብ ነው። በወሽመጡ ዳር ያሉ ድመቶች እየተንቀጠቀጡና እየተሽከረከሩ መሞት ጀመሩ። ቀጥሎም ዓሣ አጥማጆቹና ቤተ ሰባቸው እጅና እግራቸው ደነዘዘ፤ የዐይናቸው እይታ ጠበበ፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ፤ ከእናታቸው ማሕፀን ሳሉ መርዙ የደረሰባቸው ሕፃናትም ሽባ ሆነው ተወለዱ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው።

የበሽታው ምክንያት ገና በሚያከራክርበት ጊዜ የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የወደቡን ጭቃ መረመሩ። በፋብሪካው መውረጃ አፍ አጠገብ በአንድ ቶን ጭቃ ውስጥ 2 ኪሎ ያህል ባዜቃ አገኙ፤ ከመውረጃው በራቁ መጠንም ባዜቃው እየቀነሰ ሄደ። እንግዲህ ሰዎች ሁሉ ዝም ባሉበት ሰዓት ጭቃው ምስክር ሆኖ የመርዙን መነሻ አመለከተ ማለት ነው። ነገር ግን ምስክርነቱ ቶሎ አልተሰማም። ፋብሪካውም በ1958 መውረጃውን ከወደቡ አንሥቶ ወደ ወንዙ አፍ ስላዞረው፤ በሽታው ቀድሞ ወዳልነበረበት ሌላ የባሕር ዳርቻ ተስፋፋ።

በመጨረሻ ከ1977 እስከ 1990 ድረስ 14 ዓመት ሙሉ ተሠርቶ፤ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል ጭቃ ገሚሱ ተዝቆ፤ ገሚሱም ባለበት ተከቦና ተቀብሮ፤ በላዩ 58 ሄክታር አዲስ መሬት ተደለደለ። ለዚህም ሥራ ከ48 ቢሊዮን የን በላይ ወጣ። የወሽመጡ ዓሣ ለምግብ ደኅና ነው ተብሎ የታወጀው በ1997፤ ማለት በሽታው ከታወቀ ከ41 ዓመት በኋላ ነው። በመንግሥት ተመርምረው በሽተኞች መሆናቸው የተመሰከረላቸው ሰዎች ከ2,000 ይበልጣሉ። በመጀመሪያው ቀን በጥቂት ገንዘብ ሊከለከል ይችል የነበረ ነገር የብዙ ሰው ሕይወትና የአንድ ትውልድ ሀብት አስከፈለ።

ሁለተኛው ምሳሌ በሆላንድ አገር የሚገኘው የሮተርዳም ወደብ ነው። ይህ ታላቅ ወደብ በራይን ወንዝ አፍ ላይ የተሠራ ሲሆን፤ ራይን ደግሞ ከስዊስ ተራሮች ተነሥቶ በጀርመን ፋብሪካዎች መካከል አልፎ የሚመጣ ወንዝ ነው። ከወደቡ የሚዛቀው ጭቃ በማዕድናትና በኬሚካል የተበከለ ሆኖ በመገኘቱ ወደ ባሕር መጣል ስላልተቻለ፤ በ1987 ስሉፍተር የሚባል ታላቅ የጭቃ ማኖሪያ በባሕሩ ዳር ተከፈተ። የሮተርዳም ሰዎች ግን በዚህ ብቻ አልቆሙም። መርዙ በእነርሱ ቤት እንዳልተወለደ ስላወቁ፤ ወንዙን ሽቅብ ተከትለው የእያንዳንዱን መውረጃ ውኃ አስመረመሩ፤ መርዝ የሚያፈሱትንም ፋብሪካዎች እያገኙ እንዲቀንሱ በውል አሰሩአቸው። ከዚያም ወዲህ ወደ ወደቡ የሚደርሰው ደለል እየጠራ ሄደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የወደብ ጭቃ በወደብ አይነጻም፤ የሚነጻው ከላይ፤ ወንዙ በሚነሣበት አገር ነው።

ይህ ነገር የባሌን ደጋ ይመለከታል። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ወደብ የላትም፤ ውኃዋ ግን ባሕር ይደርሳል። በጎባ በኩል የሚወርደው ቶጎናና በሮቤ አቅራቢያ የሚያልፈው ሻያ ወደ ወይብ ወንዝ ይገባሉ። ወይብም የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ አልፎ፤ ቈላ ወርዶ፤ በዶሎ አቅራቢያ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ጁባ ተብሎ በሶማሊያ ምድር አልፎ በኪስማዮ ወደብ አጠገብ ከሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ስለዚህ ራይን ለሮተርዳም እንደሚሆን ሁሉ፤ የባሌም ወንዞች ለታችኛው አገር እንዲሁ ናቸው። በሮቤና በጎባ መውረጃ የተጣለው ነገር በአንድ ክረምት ወደብ አይደርስ ይሆናል፤ ነገር ግን በየመንገዱ ከብት በሚጠጣበት፤ ሴቶች በሚቀዱበት፤ ገበሬ በመስኖ በሚያጠጣበት ስፍራ እያረፈ ይሄዳል።

ለባሌ ግን ከሌሎች አገሮች የተለየ አንድ ጸጋ አላት። ከጎባ በስተ ደቡብ በሳነቴ አምባ ሰሜናዊ ገደል፤ በቶጎና ሸለቆ ራስ ላይ፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,950 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ ገርባ ጉራቻ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ይገኛል፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ጥቁር ባሕር ማለት ነው። ጥንት በረዶ ተራራውን ሸፍኖ በነበረበት ዘመን የበረዶው ክምር ድንጋዩን እየፋቀ የቈፈረው ጐድጓዳ ስፍራ፤ በረዶው ሲቀልጥ ውኃ ሞላበት። ውኃው ጥልቀቱ 6 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በሥሩ ያለው ደለል ግን ከ15 ሜትር ይበልጣል።

ይህን ደለል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሙሐመድ ዑመር ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋር ሆነው መርምረው ውጤቱን በ2007 አሳተሙ፤ ከዚያም በ2017 የኢትዮጵያና የጀርመን ሊቃውንት እንደገና ረዥም ቧንቧ እየሰደዱ ደለሉን ከላይ እስከ ታች አወጡ። የታችኛው ንብር ዕድሜ ወደ 16,000 ዓመት የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። በውስጡም የአበባ ብናኝ አለ፤ በዚህም የአስታ ዱር በየትኛው ዘመን እንደ ሰፋና እንደ ጠበበ ታወቀ። የከሰል ፍርፋሪ አለ፤ በዚህም ዱሩ የተቃጠለበት ዘመን ተለየ። ከሩቅ የፈነዳ እሳተ ገሞራ የበተነው አመድም በየስፍራው ተነጥፎ ይገኛል። ዝናም የበዛበትና ድርቅ የጸናበት ዘመን ሁሉ በዚያ ተጽፎአል። ካህናት እንደሚያውቁት ብራና ቅጠሉ በተራው ካልተጠረዘ ንባቡ ይጠፋል፤ ይህ መጽሐፍ ግን ማንም ሳይነካው በተራው እንደ ተጠረዘ 16,000 ዓመት ቈይቶአል።

ይህ የጥንት ደለል ለብክለት ምርመራ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፤ መልሱ እንዲህ ነው። ማናቸውም ዐለት በተፈጥሮው ጥቂት እርሳስ፤ ጥቂት ክሮሚየም፤ ጥቂት ኒኬል አለበት፤ የባሌም ተራራ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ስለ ሆነ ከዐፈሩ ውስጥ ማዕድን አይታጣም። አንድ መርማሪ በወንዝ ጭቃ ውስጥ ማዕድን ቢያገኝ፤ ይህን ተራራው ሰጠው ወይስ ሰው ጨመረው የሚለውን መለየት አለበት። ይህን ሳይለይ ቢፈርድ፤ ወይ ንጹሑን ይከሳል፤ ወይ ጥፋተኛውን ነጻ ይለቃል። ለመለየትም ሰው ፋብሪካና መኪና ከመሥራቱ በፊት የተነጠፈ ደለል ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ንጹሕ ሚዛን ብዙ የወደብ ከተሞች በብዙ ድካም ይፈልጉታል፤ ባሌ ግን በራስጌዋ አኑራዋለች።

ሚዛን ሳይያዝ፤ ምርመራም ሳይቀድም የቀረ ከተማ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ወደ ጃፓን መሄድ አያስፈልግም፤ የአዲስ አበባን ወንዞች ማየት ይበቃል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ቈሻሻ፤ የቆዳ ፋብሪካውን እጣቢና የጋራዡን ዘይት ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። ይህ ግድብ በ1930ዎቹ የተሠራ፤ ለአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ኀይል ከሰጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበረ። ነገር ግን ደለልና አረም እየሞላበት በ1970ዎቹ ሥራውን አቆመ፤ ዳግመኛም ታድሶ ኀይል መስጠት የጀመረው በ2016 ነው። በአቃቂ ወንዞች ጭቃና በዳርቻቸው በሚበቅለው አትክልት ውስጥ ከባድ ማዕድናት መኖራቸውን ሊቃውንት ደጋግመው መስክረዋል። ወንዙ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም፤ በአንድ ቀንም እንዲህ አልሆነም። እያንዳንዱ ሰው የጣለው ጥቂት ነበር፤ ጭቃው ግን የሁሉንም ሰብስቦ አኖረው።

ሮቤና ጎባ ገና እንደዚህ አይደሉም፤ ነገር ግን እያደጉ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሮቤ የዞኑ መቀመጫና የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ነች፤ ጎባም ታላቅ ሆስፒታል አላት። ዙሪያቸውን ያለው ሜዳ ስንዴና ገብስ በብዛት የሚታረስበት፤ በመኪና የሚታጨድበት፤ የአረምና የዋግ መድኃኒት የሚረጭበት አገር ነው። ሆስፒታልም፤ ጋራዥም፤ ቄራም፤ የእህል መድኃኒትም ለሕዝብ የሚጠቅሙ ናቸው፤ ይቅሩ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን የእያንዳንዳቸው እጣቢ ወዴት ይወርዳል ብሎ መጠየቅ የሹም ሥራ ነው። ዛሬ ሲጠየቅ መልሱ ቧንቧ ማዞርና ጕድጓድ መቈፈር ይሆናል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደ ሚናማታ ጭቃ መዛቅ ይሆናል።

አንዳንድ ሰው፤ የባሌ ወንዝ ፈጣን ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል፤ ምን ያሰጋል ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር ከፊሉ እውነት ነው፤ በፈጣኑ ውኃ ድንጋይ እንጂ ጭቃ አይቀመጥም። ነገር ግን ወንዝ ሁልጊዜ አይፈጥንም፤ በሜዳው ይዘገያል፤ በመታጠፊያው ይተኛል፤ ከመስኖ ጠለፋ በላይ ይቋጠራል፤ በክረምትም ሞልቶ በእርሻው ላይ ደለሉን ይተዋል። ይወስደዋል ማለትም ለሌላ ሰው ይሰጠዋል ማለት እንጂ ያጠፋዋል ማለት አይደለም። የቺሶ ፋብሪካም መውረጃውን ወደ ወንዙ አፍ ባዞረ ጊዜ ተስፋ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ሌላው ሰው ደግሞ ምርመራው ከዐቅም በላይ ነው ይላል። ነገር ግን የምርመራው መጀመሪያ ወጭው ጥቂት ነው። አስቀድሞ ነገሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ተጠይቀው፤ በየዘመኑ ማን ምን እንደ ጣለ፤ የት እንደ ጣለ ይጻፋል። ቀጥሎ ውኃው በሚተኛበት ስፍራ ከከተማው በላይ፤ በከተማው መካከልና ከከተማው በታች ቦታዎች ይመረጣሉ፤ ከላይ ያልተወሰደ ናሙና ከታች የተወሰደውን አያስረዳምና። የላዩ ጭቃ በመዝገኛ ይዘገናል፤ የጥልቁ ደግሞ ንብሩ ሳይደባለቅ በቧንቧ ይወጣል። ናሙናው በንጹሕ ዕቃ ተደርጎ፤ ቀኑና ስፍራው ተጽፎበት፤ በቀዝቃዛ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በዚያም አሸዋው ከላመው ዐፈር በወንፊት ይለያል፤ መርዙ የሚጣበቀው በላመው ስለ ሆነ፤ አሸዋ የበዛበትን ከጭቃ ጋር ማነጻጸር ሐሰተኛ ፍርድ ያመጣልና።

የንብሩም ዕድሜ በሁለት መንገድ ይታወቃል። የቅርቡ መቶ ዓመት ያህል በራሱ ጊዜ እያነሰ በሚሄደው የእርሳስ ዐይነት ይለካል፤ ይህ ዐይነት በየ22 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የጥንቱ ዘመን ደግሞ በካርቦን ይታወቃል። ከዚህ በላይ፤ መርዙ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መጉዳቱም እንዲታወቅ፤ በጭቃው ውስጥ የሚኖሩት ትላትሎች ይቈጠራሉ፤ ሕያዋን ነፍሳትም በጭቃው ውስጥ ተጨምረው ይኖሩ ወይም ይሞቱ እንደ ሆነ ይታያል። የማዕድኑ ልክ፤ የትላትሉ ቍጥርና የሕያዋኑ ፈተና ሦስቱ አንድ ቃል ሲናገሩ ያን ጊዜ ፍርድ ይሰጣል። በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነገርን ማጽናት ለካህናትም ለዳኞችም እንግዳ ሕግ አይደለም።

የአገሩ ሕግም ለዚህ ሥራ መንገድ ከፍቶአል። በ2002 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 300 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ የበከለም እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጭ እንዲከፍል ያዛል። ነገር ግን ሕግ ያለ ማስረጃ አይፈርድም። ጭቃው ዛሬ ተመርምሮ ልኩ በመዝገብ ካልተጻፈ፤ ነገ ጥፋተኛው ከእኔ በፊትም እንዲሁ ነበረ ብሎ ያመልጣል። ስለዚህ ከቶጎናና ከሻያ ዛሬ የሚወሰደው ናሙና የክስ ወረቀት አይደለም፤ ለሁሉም መተማመኛ የሚሆን የድንበር ድንጋይ ነው። ለንጹሑ ነጋዴና ለንጹሑ ባለ ፋብሪካም ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

የገርባ ጉራቻም ነገር እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል፤ እንግዳም ይበዛል። ወደ ሐይቁ ወርዶ ድንኳን የሚተክለው መንገደኛ፤ ከብቱን የሚያጠጣው እረኛ፤ ባትሪና ቆርቆሮ የሚጥለው ሁሉ ክፋት ሳያስብ በዚያ መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠል ላይ ይጽፋል። ሐይቁ ትንሽ ነው፤ ውኃ የሚሰበስብበትም መሬት ጠባብ ስለ ሆነ የሚጣለውን ሁሉ ለራሱ ያስቀራል። የተፋቀ ብራና እንደገና ሊጻፍበት ይቻል ይሆናል፤ ይህ ግን ከተበላሸ ሌላ ግልባጭ የለውም።

በዚህ ሥራ ሹማምንት ብቻቸውን አይበቁም። ሳይንሱን የመደ ወላቡ መምህራንና ተማሪዎች ይዘው፤ ትእዛዙን የከተማ ሹማምንት ሰጥተው፤ ሕዝቡን ደግሞ የሚሰማቸው የሃይማኖት አባቶች ቢመክሩት ነገሩ ይጸናል። ካህናት ለጥምቀት ወደ ውኃ ይወርዳሉ፤ ሼኮችም ከጸሎት በፊት በውኃ ይታጠባሉ፤ ስለ ወንዝ ንጽሕና ለመናገር ከእነርሱ የሚቀርብ ማን ነው? በዓመት አንድ ቀን እንኳ በየአጥቢያው ስለዚህ ነገር ቢነገር፤ በጓሮው ዘይት የሚደፋ ሰው እጁን ይሰበስባል።

የአገሩ ሰው፤ ነገር ከሥሩ፤ ውኃ ከጥሩ፤ ይላል። የሮተርዳም ሰዎች ይህን ምክር ሳይሰሙት በልምድ ደረሱበት፤ ወደባቸው ከሞላ በኋላ ወንዙን ሽቅብ ተከትለው ወደ ሥሩ ወጡ። የሮቤና የጎባ ሰዎች ግን ከሥሩ ላይ ተቀምጠዋል። የሚፈለግባቸው ረዥም መንገድ መሄድ አይደለም፤ ጐንበስ ብሎ ከወንዛቸው ግርጌ አንድ እፍኝ ጭቃ መዝገን፤ ስሙንና ቀኑንም ጽፎ ማኖር ነው።